ፍሪሲዮን ጾታ አያውቅም

ለማኅበራችን ምክር ቤት ሰሞኑን አንድ የውሳኔ ሐሳብ ቀርቧል። ሐሳቡ አጭር ነው፤ ማኅበሩ ለመንጃ ፈቃድ ትምህርት ከሚያወጣው የድጋፍ ገንዘብ አስቀድሞ ወንዶች ተማሪዎች ይጠቀሙ፣ የተረፈ ቢኖር ለሴቶች ይሁን የሚል ነው። ምክንያቱም አብሮ ተጽፏል፤ «ሴቶች በተግባር ፈተና ስለሚወድቁና ደጋግመው ስለሚፈተኑ የማኅበሩ ገንዘብ ይባክናል» ይላል። ሐሳቡን ያቀረቡት ወንድሞቻችን ክፉ ሰዎች አይደሉም። አንዳንዶቹ ከእኛ ጋር በአንድ ማዕድ የሚበሉ ወዳጆቻችን ናቸው፤ የእኩልነት ነገር በተነሣ ቁጥርም ከሁሉ ቀድመው የሚያጨበጭቡት እነሱ ናቸው። ስለዚህ የምንመልስላቸው በስድብ ሳይሆን በሒሳብ ነው፤ ሒሳብ ያመጡብን እነሱ ናቸውና።

«ይህን ያህል የሚያጣላ ገንዘብ ነው ወይ?» የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። ገንዘቡ ቀርቶ ወረቀቱ ራሱ ያጣላል። በማስታወቂያ ሰሌዳ ፊት ቆሞ የሥራ ማስታወቂያ ያነበበ ተማሪ ሁሉ ነገሩን ያውቀዋል። ለግብርናው፣ ለጤናው፣ ለመጠጥ ውሃው፣ ለቅየሳው፣ ለእርዳታ ድርጅቱ መስክ የሚወጣ ሠራተኛ ሲፈለግ፣ ከዲግሪውና ከሥራ ልምዱ ሥር አንዲት መስመር ትጨመራለች፤ «መንጃ ፈቃድ ያለው ይመረጣል» ወይም «ሞተር ሳይክል መንዳት የሚችል» ትላለች። ይህች መስመር ትንሽ ትመስላለች እንጂ ወንፊት ናት። አብራን የተማረች፣ ማስታወሻዋን ለግማሹ ክፍል ስታውስ የኖረች እኅታችን ከዚያች መስመር ላይ ስትደርስ ትቀራለች፤ ማስታወሻዋን የተዋሰው ግን ያልፋል። መስክ የወጣው አበል ያገኛል፣ አገሩን ያውቃል፣ ልምድ ይቆጠርለታል፣ ጥቂት ዓመት ቆይቶም አለቃ ሆኖ ይመጣል። ቢሮ የቀረችው ቃለ ጉባኤ ስትጽፍ ትቆየዋለች። እንግዲህ ምክር ቤታችን ዛሬ የሚያከፋፍለው የመኪና ትምህርት ብቻ ሳይሆን የነገውን የሥራ እርከን ጭምር መሆኑ ይታወቅ።

አሁን ወደ ክሱ እንግባ። ክሱ ከባዶ የተፈጠረ ነው አንልም፤ ቁጥር አለው። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በብሪታንያ የመንጃ ፈቃድ ፈተና የሚሰጠው የመንግሥት መሥሪያ ቤት ውጤቱን በጾታ ለይቶ ለሕዝብ ያወጣል። በአውቶሞቢል የተግባር ፈተና ከ100 ወንዶች ወደ 50 የሚጠጉት ሲያልፉ፣ የሚያልፉት ሴቶች ቁጥር ከዚያ በጥቂቱ ያንሳል። ይህም ለአንድ ዓመት ብቻ የታየ ሳይሆን ዓመት ከዓመት የሚደጋገም ነው። የሐሳቡ ደጋፊዎች ይህን ቁጥር ይዘው ቀርበዋል፤ ደግ አደረጉ። ነገር ግን ያው መሥሪያ ቤት የጽሑፉን ፈተና ውጤትም ያወጣል። በዚያ ላይ ሴቶቹ ወንዶቹን ይበልጣሉ፤ እሱም ዓመት ከዓመት ነው። ይህኛውን ገጽ ለምን ዘለሉት? ወንድሞቻችን ባቀረቡት የሒሳብ ስሌት ብንሄድ እኮ፣ የጽሑፉ ፈተና ክፍያ ለሴቶች ብቻ፣ የተግባሩ ለወንዶች ብቻ ይሆናል። ያን ጊዜ የመንገዱን ሕግ ያወቀችው እቤቷ ትቀመጣለች፤ ሕጉን ያላወቀው መሪውን ይዞ ይወጣል። በአዲስ አበባ አደባባዮች ላይ አንዳንድ ቀን የምናየው ትርዒት ይህ ዓይነቱ ክፍፍል ቀድሞ የተጀመረ ያስመስላል።

ደግሞም ያንኑ የተግባር ፈተና ቁጥር ገልብጣችሁ አንብቡት። ከ100 ወንዶች 50 ያህሉ ያልፋሉ ማለት 50 ያህሉ ይወድቃሉ ማለት ነው። መውደቅ ማባከን ከሆነ፣ ከወንዶቹም ግማሹ አባካኝ ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ጥቂት ነጥብ ሆኖ ሳለ፣ አንዱን ወገን በሙሉ ከፊት፣ ሌላውን ወገን በሙሉ ከኋላ የሚያሰልፍ ደንብ የሚወጣው በምን ዓይነት ሎጂክ ነው? በዚህ ሎጂክ ቢሆንማ አጫጭሮችንና ረጃጅሞችን፣ ግራኞችንና ቀኞችን፣ ቆለኞችንና ደገኞችን ሁሉ እየለየን ስንሰለፍ መመረቂያችን ይደርሳል።

ከዚህ የሚበልጠው ጥያቄ ግን ልዩነቱ ከየት መጣ የሚለው ነው። ፈታኙ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ የሚያየው የእጅንና የእግርን ቅልጥፍና ነው፤ ያ ቅልጥፍና የት እንደተገኘ አይጠይቅም። እኛ ግን እንጠይቅ። ወንዱ ተማሪ ወደ ማሠልጠኛው በመጣበት በመጀመሪያው ቀን ስንት ሰዓት ነድቶ ነው የመጣው? ከመሀላችን ያሉትን ወንዶች ብንጠይቅ፣ ሳይሳቅ እውነቱን ለመናገር የሚደፍር ካለ፣ አንዱ የአጎቱን መኪና በሰፈር ውስጥ ሲያንቀሳቅስ ያደገ ነው፤ አንዱ ክረምት ክረምት ጋራዥ ሲላላክ ቆይቶ መኪና ከጉድጓድ ላይ ሲያወጣ ሲያወርድ የተማረ ነው፤ አንዱ ሚኒባስ ላይ ረዳት ሆኖ ሠርቶ፣ ሹፌሩ ምሳ ሲበላ ተራ እያስጠበቀ መኪናውን ወደፊት ሲያስጠጋ የኖረ ነው። የሌላው አባት ደግሞ ልጁን ገና በሕፃንነቱ ጭኑ ላይ አስቀምጦ መሪ አስይዞታል። ይህ ሁሉ ያለ ፈቃድ የተደረገ መሆኑን ለጊዜው እንለፈው። የእነዚህ ወንድሞች እኅቶች የት ነበሩ? ከኋላ ወንበር ላይ፤ ብዙውን ጊዜም ሕፃን ታቅፈው ወይም ዘንቢል ይዘው። የማርሽ ድምፅ ሲለወጥ ሰምተው ይሆናል፤ እጃቸው ግን ካምቢዮ ነክቶ አያውቅም። ያለፈውን ዓመት ፈተና በእጁ ይዞ የተለማመደን ተማሪ፣ ጥያቄውን ዛሬ ለመጀመሪያ ጊዜ ከምታይ ተማሪ ጋር አስቀምጦ «ማን ጎበዝ ነው?» ብሎ የሚጠይቅ መምህር ቢመጣብን፣ እኛው ራሳችን የተቃውሞ ሰልፍ እንወጣበት ነበር።

«የለም፣ ነገሩ ከተፈጥሮ ነው፤ የሴት አእምሮ ስፋትንና ርቀትን አይለካም» የሚሉ ደግሞ አሉ። እነዚህ በላብራቶሪ ቋንቋ ስለሚናገሩ በላብራቶሪ ቋንቋ እንመልስላቸው። በ2010 የታተመ የጀርመን የቦሁም ዩኒቨርሲቲ ጥናት ይህንኑ ነገር መርምሯል፤ ወንዶችና ሴቶች መኪና ፓርክ እንዲያደርጉ ተደርጎ ጊዜያቸውና ትክክለኛነታቸው ተለካ። ወንዶቹ ፈጠን ብለው፣ ትክክልም ሆነው አቆሙ። ይህን የሰማ ሰው ጋዜጣውን አጥፎ ሊሄድ ይችላል፤ የጥናቱ ቁም ነገር ግን የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። በጀማሪዎቹ ዘንድ ውጤቱ ነገርን በሐሳብ አዙሮ ከማየት ችሎታና ሰው ስለ ራሱ ካለው ግምት ጋር የተያያዘ ሆኖ ተገኘ። ልምድ ባላቸው ነጂዎች ዘንድ ግን ያ የማዞር ችሎታ ከቦታው ጠፋ፤ የቀረው ሰው ስለ ራሱ ያለው ግምት ብቻ ነው። በሌላ አነጋገር፣ ከጊዜ በኋላ «እችላለሁ» ያለው ሰው ይችላል፤ «አትችይም» እየተባለች የነዳችው ሰው የተባለችውን ትሆናለች። ይኸው የማዞር ችሎታም ቢሆን ከማኅፀን ተቆጥሮ የመጣ ንብረት አይደለም። በ2007 የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ጥቂት ወጣቶችን ለ10 ሰዓት ያህል ፈጣን የቪዲዮ ጨዋታ አጫውተው ሲፈትኑ፣ በወንዶችና በሴቶች መካከል የነበረው የስፋት ትኩረት ልዩነት ከሞላ ጎደል ጠፍቷል፤ በሐሳብ የማዞሩም ልዩነት ጠቧል። 10 ሰዓት! በጨዋታ! «ተፈጥሮ» የተባለው ግንብ በ10 ሰዓት ጨዋታ የሚናድ ከሆነ፣ ቀድሞውኑ ግንብ ሳይሆን መጋረጃ ነበር።

አሁን ከባሕር ማዶ ተመልሰን ወደ ራሳችን ማሠልጠኛዎች እንምጣ፤ የነገሩ ሥር ያለው እዚህ ነውና። ስም አንጠራም፤ አንዱን ብንጠራ ሌሎቹ ነፃ የወጡ ይመስላቸዋል። እኛ ገብተን የተማርንባቸውና ጓደኞቻችን የተማሩባቸው ሁሉ በአንድ ድስት የተቀቀሉ ናቸው።

አንድ የልምምድ ሰዓት እንዴት እንደሚያልፍ እንመልከት። ወንዱ ሲገባ አሠልጣኙ ቁልፉን ይሰጠዋል። ሞተሩ ሲጠፋበት ይስቃል፤ «አይዞህ ጎረምሳው፣ ይለመዳል» ይለዋል። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ አስፋልት ላይ ናቸው። ሴቷ ስትገባ አሠልጣኙ አስቀድሞ እጁን የእጅ ፍሬኑ ላይ ያኖራል። ገና ፍሪሲዮኑን ልትለቅ ስትል «ቀስ! ቀስ! ቀስ በይ እንጂ!» ይላል። ፍሪሲዮን ደግሞ ሲነክስ በእግር የሚሰማ ነገር ነው፤ ጆሮ በጩኸት ተይዞ እግር አይሰማም። ደንግጣ ትለቀዋለች፤ ሞተሩ ይጠፋል። «አላልኩሽም?» ይላል። ስትዞር መሪውን ከእጇ ቀምቶ ራሱ ያዞረዋል፤ ማርሽ ልትለውጥ ስትል ካምቢዮውን ቀድሞ ራሱ ይጎትተዋል፤ ዳገት ላይ ልትነሣ ስትል «ተዪው፣ እዚህ ጋ እኔ ላውጣልሽ» ይላል። ሰዓቱ ሲያልቅ አብዛኛውን የነዳው ማን ነው? አሠልጣኙ ነው። የተከፈለው ግን ከእሷ ኪስ ነው። የፈተናው ቀን ሲደርስ አሠልጣኙ የለም፤ ዳገቱ ግን አለ። ከዚያ በኋላ ወድቃ ስትወጣ «ሴቶች ይወድቃሉ» ብሎ የሚመሰክረው ይኸው ሰው ነው፤ ለሁለተኛው ዙር የሚቀበለውም ገንዘብ ከዚያው ይመጣል። ወንድሞቻችን የማኅበሩን ገንዘብ ማን እንዳባከነው ለማወቅ ከፈለጉ፣ ምርመራውን ከዚህ ይጀምሩ።

ስለ ወንበሩም እንናገር፤ ትንሽ ነገር መስሎ የሚታለፍ ግን ብዙ ሰው የጣለ ነገር ነው። የማሠልጠኛ መኪኖች ብዙዎቹ ያረጁ ናቸው፤ ከመካከላቸው ወንበሩ ወደፊት መሳቡን ከተወ ዓመታት ያለፉት ይገኛል። እግሯ አጠር ያለ ተማሪ ፍሪሲዮኑን እስከ ታች ለመርገጥ ጀርባዋ ከወንበሩ መላቀቅ አለበት፤ ተረከዟ ወለሉን ሳይነካ ስለሚቀር በእግር ጣቷ ጫፍ ተንጠልጥላ ፔዳሉን ትይዛለች። በዚህ አቀማመጥ ላይ ሆኖ ፍሪሲዮንን በቀስታ የሚለቅ ሰው ካለ ሰርከስ ይቀጠር። ስፖኪዮውም የተስተካከለው ለረጅሙ አሠልጣኝ ዓይን ነው፤ ለእሷ የሚያሳያት ሰማዩን ነው። መድኃኒቱ አንድ ትራስና የሁለት ደቂቃ ማስተካከያ ነበር። አጭር ወንድምም እንዲሁ ይቸገራል፤ እሱን ግን «ወንድ ስለሆነ ነው» የሚለው ሰው የለም።

እዚህ ላይ አንድ የታዘብነውን እንጨምር። ሞተር ሲጠፋበት ወንዱ «የዚህች መኪና ፍሪሲዮን አልቋል» ይላል፤ ሴቷ «እኔ አልችልም» ትላለች። የማሠልጠኛ መኪና ፍሪሲዮን ጀማሪ ሁሉ ሲረግጠው ስለሚውል በእርግጥም ያልቃል፤ ስለዚህ ብዙ ጊዜ የወንዱ ምርመራ ልክ ነው። እሷም ያንኑ ትበል! እኅቶቻችን ሆይ፣ የብረቱን ጥፋት ለብረቱ ተዉለት።

ከዚህ የከፋውን ነገር ዝም ብለን ብናልፍ እናፍር ነበር። ከልምምድ በኋላ «ቡና እንጠጣ» የሚል አሠልጣኝ አለ። እምቢ ስትባል የልምምዱ ሰዓት ይሸራረፋል፣ ተራው ይዘገያል፣ መኪናው «ተበላሽቷል» ይባላል። በዚህ ምክንያት ትምህርቱን ከአጋማሹ ጥለው የወጡ እኅቶችን እናውቃለን። እነዚህ በማንም ሠንጠረዥ ላይ «ሴት፣ ያላጠናቀቀች» ተብለው ይቆጠራሉ እንጂ ለምን እንዳላጠናቀቁ የሚጻፍበት ረድፍ የለም። የመንገዱም ሰው አያግዝም። «ለማጅ» የሚለውን ሰሌዳ የለጠፈች መኪና ውስጥ ሴት ሲያይ ክላክስ ላይ የሚተኛው ሹፌር፣ በመስኮት ወገቡን አውጥቶ ወደ ማጀት እንድትመለስ የሚመክራት ረዳት፣ እነዚህ ሁሉ ያለ ደመወዝ የተቀጠሩ ረዳት ፈታኞች ናቸው። ወንዱ ለማጅ ይህን ፈተና አይፈተንም፤ እሱ የሚፈተነው መንዳት ብቻ ነው።

እስካሁን የተናገርነው ስለ ፈተና ነው። ፈተና ግን ለራሱ ሲባል አልተፈጠረም፤ መንገድ ላይ ሰው እንዳይሞት ነው የተፈጠረው። እንግዲህ «ማን ይሻላል?» ብለን ካልቀረን፣ ትክክለኛው ጥያቄ ወረቀቱ ከተገኘ በኋላ ምን ይሆናል የሚለው ነው። የዓለም የጤና ድርጅት እንደሚለው በ2021 በመላው ዓለም በመንገድ አደጋ የሞተው ሰው 1.19 ሚሊዮን ያህል ነው፤ ከሟቾቹም ለአንዲት ሴት ሦስት ያህል ወንዶች ይሆናሉ። በአገራችን በ2016 ብቻ በፖሊስ ተመዝግቦ ለዚሁ ድርጅት የተገለጸው ሞት ከ4,000 በላይ ነበር፤ ድርጅቱ ራሱ የገመተው ደግሞ የዚያን ብዙ እጥፍ ነው።

«ወንዶች ስለሚበዙ ነው፤ መሪው በእነሱ እጅ ስለሆነ ነው» ትሉናላችሁ። ልክ ናችሁ፤ ብዛት ብቻውን ማስረጃ አይሆንም፤ የተነዳው ርቀት መካፈል አለበት። ተካፍሏልም። በአሜሪካና በብሪታንያ ለእያንዳንዱ የተነዳ ርቀት ሲሰላ፣ ሰው በሚሞትበት አደጋ ውስጥ ወንዶች ነጂዎች ከሴቶቹ ይበልጣሉ። ምክንያቱም ለማንም ስውር አይደለም፤ ፍጥነት፣ መጠጥ፣ ቀበቶ አለማሰር፣ ያለ ቦታው ደርቦ መቅደም ናቸው። ፍትሕ እንዲሆን ሌላውንም ጎን እንናገር፤ በ1990ዎቹ የወጣ የአሜሪካ ጥናት በርቀት ሲካፈል ለሞት የማያደርሰው አደጋ በሴቶች ላይ በዛ ብሎ መታየቱን አመልክቷል። ይህም የሚገርም አይደለም። በዓመት ጥቂት የሚነዳ ሰው፣ ያም ከተማ ለከተማ በየመስቀለኛ መንገዱ እየቆመ የሚነዳ፣ ለአንድ ኪሎሜትር የሚደርሰው ጭረት ይበዛል። የልምምድ ጉዳይ እንደገና መጣብን ማለት ነው። ጭረትና ሬሳ ግን በአንድ ሚዛን አይመዘኑም። የተሰበረ ፍሬቻ በሰዓታት ውስጥ ይለወጣል።

ይህን የማያምን ከኢንሹራንስ ኩባንያዎች ይጠይቅ። ኢንሹራንስ ስለ እኩልነት የሚያለቅስ ተቋም አይደለም፤ የሚያለቅሰው ስለ ገንዘቡ ብቻ ነው። በአውሮፓ እነዚህ ኩባንያዎች ከወጣት ወንዶች የበለጠ፣ ከወጣት ሴቶች ያነሰ አረቦን ሲያስከፍሉ ኖረዋል፤ ሒሳባቸው እንዲህ ስለነገራቸው ነው። ልዩነቱን ያስቀረው የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት ነው፤ በ2011 በጾታ ለይቶ ማስከፈል አይገባም ብሎ ፈርዶ፣ ፍርዱ ከታኅሣሥ 2012 ጀምሮ ሥራ ላይ ዋለ። የእኛ ምክር ቤት ደግሞ ለወንድ ቅድሚያ ይሰጥ ይላል። ልብ በሉ፤ ፍርድ ቤቱ የከለከለው፣ ማስረጃ እያለም እንኳ፣ አንድን ሰው በጾታው ብዛት መፍረድን ነው። እኛም «እንግዲያውስ ሴቶች ይቅደሙ» አንልም። ወንዱም ወረፋውን ይያዝ፤ ከእሷ ፊት ግን አይደለም።

«መንዳት የወንድ ሥራ ነው» የሚለው ተረት ዕድሜው ከመኪናው ያነሰ ነው። መኪና ገና ከፋብሪካ ግቢ ብዙም ባልራቀበት ጊዜ፣ በነሐሴ 1888፣ በርታ ቤንዝ የተባለች ጀርመናዊት ባሏ የሠራውን መኪና ሳታስፈቅደው አስነሥታ፣ ሁለት ልጆቿን ይዛ፣ ከማንሃይም እስከ ፎርጽሃይም ከ100 ኪሎሜትር በላይ ነዳች። ነዳጅ ያለቀባት መንገድ ላይ ነው፤ ከመድኃኒት ቤት ገዝታ ሞላች። የነዳጁ ቧንቧ ሲደፈን በባርኔጣዋ መርፌ ከፈተችው። ፍሬኑ ሲያልቅ ጫማ ሰፊ ዘንድ ሄዳ ቆዳ አስለበጠችው። ዳገት ላይ መግፋት ስላስፈለገ፣ ስትመለስ ለዳገት የሚሆን ተጨማሪ ማርሽ እንዲደረግ ለባሏ ነገረችው። እንግዲህ አሠልጣኙ ዳገት ላይ «ማርሽ ቀንሺ!» እያለ ሲጮህ፣ ከማን የተገኘ ምክር እንደሆነ ቢያውቅ ድምፁን ይቀንስ ነበር። ከአገራችንም ሙሉ እመቤት እምሩ ከጣሊያን ወረራ በፊት አውሮፕላን ማብረር ተምራለች፤ አምሳለ ጓሉ በ2010 በኢትዮጵያ አየር መንገድ የመጀመሪያዋ ሴት ካፒቴን ሆናለች፤ በ2015 ደግሞ በሴቶች ብቻ የተመራ በረራ ከአዲስ አበባ ባንኮክ ደርሷል። ያን ግዙፍ ብረት ደመና ላይ የሚያቆም እጅ፣ ቪትዝን ከሁለት ምሰሶ መሀል ወደኋላ ለማስገባት ያንሳል የሚለንን እንጠብቀዋለን።

ክልከላ ሕግ ሲሆን ምን እንደሚመስልም እናውቃለን። ከቀይ ባሕር ማዶ፣ ብዙ እኅቶቻችን በሰው ቤት ተቀጥረው በሚሠሩባት በሳውዲ ዓረቢያ፣ ሴት መንዳት ተከልክላ ኖራለች። ኅዳር 6 ቀን 1990 በሪያድ 47 ሴቶች መኪና ይዘው በሰልፍ በመውጣታቸው ፓስፖርታቸው ተነጠቀ፤ ከሥራም ታገዱ። በ2013 አንድ የታወቁ የሃይማኖት ሊቅ መንዳት የሴትን የእንቁላል ማመንጫ (ኦቫሪ) ይጎዳል ብለው በአደባባይ ተናገሩ። ክልከላው በቆየበት ዘመን ሁሉ ግን ሴቶቹን ያመላለሱ የነበሩት ከውጭ አገር የተቀጠሩ፣ ከቤተሰቡ ያልሆኑ ወንዶች ሹፌሮች ናቸው፤ ክብሯን ለመጠበቅ ተብሎ ከማታውቀው ወንድ ጋር ብቻዋን ትሄድ ነበር። ሰኔ 24 ቀን 2018 ክልከላው ተነሣ። ለዚሁ መብት ሲታገሉ ከነበሩት ሴቶች አንዳንዶቹ፣ ለምሳሌ ሉጀይን አል ሃዝሉል፣ ጥቂት ሳምንት ቀደም ብለው ታስረው ስለነበር ያን ቀን ከእስር ቤት ነው ያሳለፉት። የእኛ ምክር ቤት ሐሳብ ከዚያ ጋር አይነጻጸርም ትሉ ይሆናል፤ በመጠኑ አይነጻጸርም፤ በዓይነቱ ግን የቅርብ ዘመድ ነው። ያኛው «አትንዳ» ይላል፤ ይኼኛው «ትንዳ፣ ግን የተረፈ ከኖረ» ይላል። የሚተርፍ እንደማይኖር ደግሞ የማኅበሩን ካዝና የምናውቅ ሁሉ እናውቃለን።

ስለዚህ ሐሳቡ ውድቅ እንዲሆን እንጠይቃለን። በምትኩም ምክር ቤቱ እንዲወስን የምንፈልገውን በግልጽ እንናገራለን። ድጋፉ ለአመልካቾች ሁሉ በዕጣ ይሰጥ፤ ዕጣው በይፋ፣ ተማሪው በተሰበሰበበት ይውጣ። ማኅበሩ ለማሠልጠኛ የሚከፍለው አንድ ተማሪ መኪና ውስጥ በተቀመጠበት ሰዓት ሳይሆን መሪውን ራሱ ይዞ በነዳበት ሰዓት ይሁን፤ ይህንንም ተማሪውና አሠልጣኙ በየቀኑ አብረው ይፈርሙ። መሪ የሚቀማ አሠልጣኝ የቀማበትን ሰዓት አይቆጥርም ማለት ነው። ከዚህ በፊት መሪ ይዞ የማያውቅ ተማሪ፣ ወንድም ይሁን ሴት፣ ከሌላው ቀድሞ ጥቂት ተጨማሪ ሰዓት ያግኝ፤ ከገጠር የመጡ ብዙ ወንድሞቻችንም በዚህ እንደሚጠቀሙ ሐሳቡን ያቀረቡት ሰዎች አስበውት አያውቁም። በአሠልጣኝ ላይ የሚቀርብ አቤቱታ የሚሰማ አንዲት እኅትና አንድ ወንድም ያሉበት ኮሚቴ ይቋቋም፤ ጥፋት የተረጋገጠበት ማሠልጠኛ ከማኅበሩ ጋር ያለው ውል በዚያው ቀን ይፍረስ። ውጤቱም በዓመቱ መጨረሻ በዚሁ ጋዜጣ ይውጣ፤ በጾታ ብቻ ሳይሆን እያንዳንዱ ስንት ሰዓት ነድቶ እንደተፈተነ ጭምር ተለይቶ ይውጣ። ያን ጊዜ ወንድሞቻችን ሠንጠረዥ ይዘው ቢመጡ አብረን እናነበዋለን።

የድጋፍ ማመልከቻው ከሰኞ ጀምሮ በማኅበሩ ጽሕፈት ቤት ይገኛል። እኅቶቻችን ውሳኔውን ሳትጠብቁ ሞልታችሁ አስገቡ፤ በቅጹ ላይ «ከዚህ በፊት መሪ ይዘው ያውቃሉ?» የሚል ጥያቄ በእጅ ተጽፎ እንዲጨመር ጸሐፊውን ጠይቀን ተስማምተዋል። ወንዶችም ይህችን ጥያቄ እውነቱን ጽፋችሁ ሙሏት።